የልዋጭ ጋብቻና የደም ውጤት
አሶሳ ውስጥ ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ በጎን በዘር ስለሚመጣ የዓይን ሕመም ከሚያጠና ቡድን ጋር እሠራለሁ። አንድ የጉሙዝ ወጣት ዓይኑ ድንገት ደክሞበት ወደ እኛ መጣ፤ የእናቱም ወንድም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ወጣቱ ሊያገባ ነው። በልማዳቸው ሚስት የሚወስድ ሰው እህቱን በልዋጭ ለሚስቱ ወንድም ይሰጣል። የሙሽሪት አባት ግን «የማያይ የልጅ ልጅ አልፈልግም» ብለው ነገሩን ይዘውታል።

የደም ውጤቱ ሲደርስ ወጣቱ እህቱን፣ የሙሽሪትን አባትና ወንድሟን ቢሮዬ ይዟቸው መጣ። የጠረጠርነው ስለተገኘ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። «ችግሩ ያለው ሚቶኮንድሪያ ላይ ነው፤ ለሰውነታችን ኃይል የሚያመነጨው እሱ ነው። የምንወርሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ የዚህ ልጅ ልጆች ከእሱ አይወርሱትም» አልኩ።

አባትየው የወጣቱን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «በቃ፣ ልዋጩ ጸደቀ።»

ነርስነት የምትማረው እህቱ እንደ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የእኔ ልጆችስ?»

እሷን ጭራሽ አላሰብኳትም ነበር። «አንቺ ልታወርሺ ትችያለሽ። ግን የወረሰ ሁሉ አይታመምም፤ ሕክምናውም እየተጠና ነው።»

አባትየው እሷን በልዋጭ ሊያገባ የነበረውን ወንድ ልጃቸውን አዩ፤ እሱ በሩን አየ። የልጅቷ ፊት ግን በራ።

«መምህር፣ ቀስ ብለው ይድገሙላቸው። ወንድሜ ያለ ልዋጭ ያግባ፤ እኔ ትምህርቴን ልጨርስና ሕክምናውን አብሬያችሁ ልፈልግ።»

«ያለ ልዋጭ ልጅ ሰጥቼ አላውቅም» አሉ አባትየው፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው።

ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው። በማስተማር ዘመኔ ድገምልን የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።