በርበሬ የማይጠቀለልበት ገጽ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው፣ ዕድሜዬም ሰባ አንድ። ከፈረስ መጋላ ወደ አቦከር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት ወጣት ጋዜጠኛና አንዲት የጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም።

«ሾፌር፣ እባክህ ፈጠን በል! ጋዜጣው ማታ ይታተማል» አለች ጋዜጠኛዋ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አለች ነጋዴዋ።

«አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሞተው ዜናቸውን ጻፍኩ። የስማቸውን አጻጻፍ ግን ተጠራጠርኩ። ቤታቸው ሄጄ ልጠይቅ ነው።»

«አላህ ይርሐማቸው። በስልክ አይሆንም?»

«ለቅሶ ላይ ናቸው፣ ማን ያነሳል? አለቃዬ ደግሞ ‹ተይው፣ ማን ያየዋል› አለኝ።»

«እውነቱን ነዋ! እኔ ወላሂ የናንተን ጋዜጣ በርበሬ ነው የምጠቀልልበት።»

«ሁሉንም ገጽ?»

«ሁሉንም። የሞተ ሰው ያለበትን ግን አልነካም።»

«እሱን ምን ያደርጉታል?»

«በሰው ስም ላይ በርበሬ ይደፋል እንዴ? ቀድጄ ቤት አስቀምጠዋለሁ።»

«ያነቡታል?»

«ማንበቡ ከየት መጥቶ! በፎቶው ነው የማውቀው።»

«ታዲያ እናቴ፣ እርስዎ ሳያነቡ የሚያከብሩትን ስም እኔ አበላሽቼ ላትመው?»

ነጋዴዋ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«አንተ ሾፌር! ልጅቷ የምትልህን አትሰማም? ንዳው እንጂ!» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጋዜጣውን ገዛሁና፣ ከማውቃት ጥቂት ፊደል ጋር እየታገልኩ፣ የልብስ ሰፊውን ስም በጣቴ ተከትዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።