ብየዳ አንገት አያደርቅም

አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፤ እስከዚህ የሸኛችሁልን እግራችሁ አይዛል። እኔ ትምህርት ብዙም አልገፋሁም። ብየዳ ላይ ግን በዚህ ከተማ የሚስተካከለኝ የለም። አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይኸው፣ እዚህ ተኝቷል።

«ሕልሜ» ነበር የምንለው። ጠዋት ጠዋት ያየውን ሕልም ሳይነግረን ማሽን አይነካም። «ባሕር ላይ በር ስበይድ አደርኩ፤ ብልጭታው ዓሣ እየሆነ ይዋኛል» ይለናል። ፎርማናችን «ተው አንተ ልጅ፣ በሩ ማንን ሊያስገባ ነው?» ሲለው፣ «ደመናን» ይላል። ሳቁ! እሱም ይስቅ ነበር። እንደሱ ያለ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

ያን ቀን ሕልም አልነገረንም። «ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ብርሃን አታሳዩኝ» አለ። ብልጭታ የመታው በያጅ እንደዚያ ነው የሚሆነው። እኛስ ምን አልን? «ብየዳ መታው!» ድንች ቆርጠን ዓይኑ ላይ አደረግንለት፣ መጋረጃውን ዘጋን። ሰውነቱ እሳት ነበር። አስመለሰው። አገጩ ደረቱን አልነካ አለ። «ጎንበስ ብሎ ስለዋለ ነው» አልን። ከዚያ መቃዠት ጀመረ። ሕልም የሚነግረን መስሎን ሳቅን!

ሲብስበት ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ አንገቱን ገና ስትነካው፣ «ብየዳ ዓይን ያቃጥላል እንጂ አንገት ያደርቃል እንዴ? ይሄ ማጅራት ገትር ነው» አለችን። ቶሎ የመጣ ይድናል አሉ። እኛ ቶሎ አልመጣንም።

ስሙኝማ! ትኩሳትና ራስ ምታት ከደረቀ አንገት ጋር ካያችሁ፣ ሰው ብርሃን ከጠላ፣ ከቃዠ፣ ድንች አትቁረጡ። ተሸክማችሁ ሩጡ! ክትባት ሲመጣም ክንዳችሁን አትደብቁ። አብረነው ያደርን፣ በአንድ ኩባያ የጠጣን ሁላችን እንዳይዘን የሰጡንን የመከላከያ ክኒን ውጠናል። መድኃኒት ሲያይ በመስኮት የሚዘለው ቀለም ቀቢያችን እንኳ ዋጠ።

እማማ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ። «ለልጄ ያልደረሰ መድኃኒት ለኔ ምን ያደርጋል?» አሉ። በእሱ ማንኪያ እየቀመሱ ያጠጡት እርስዎ አይደሉም? ፊቱን በፊትዎ አስጠግተው ያባበሉትስ? ይሄ በሽታ እናት ናት ብሎ አያልፍም። እኔ ጉረኛ ነኝ፣ ሰው ለምኜ አላውቅም። እርስዎን ግን እለምናለሁ። ነርሷ ክኒኑን ይዛ ከኋላዎ ቆማለች። ውሃ አቀብሏቸው እስቲ። ቀስ ብለው፣ እማማ። ቀስ።

እሰይ!

ሕልሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ ሰማህ? እናትህ ዋጡልህ። እሳቸውን ለእኛ ተዋቸው። ደህና ሁን። ተኛ።