መምህርት ምሥራቅ ወልደሥላሴ እና የመናኸሪያው ሁለት ክረምት

በዚህ ዝናብና ጭቃ ከዋጫ፣ ከማንኪራና ከዚሁ ከቦንጋ ተሰባስባችሁ ሐዘናችንን የተጋራችሁ ወገኖቻችን፤ የማነብላችሁ የታላቅ እኅቴን የመምህርት ምሥራቅን ታሪክ ነው። ታመው በተኙበት ወራት «ሀብቴ፣ ስሞት መናኸሪያውን እንዳትዘለው» ብለው አደራ ስለሰጡኝ፣ እኔ አናጢው ወንድማቸው ሀብተ ማርያም አልዘለውም።

መምህርት ምሥራቅ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሥላሴ አደሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅአፈራሁ በ1955 ዓ.ም. በዋጫ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዋጫና በቦንጋ ፈጽመው፣ በመምህርነት ሠልጥነው ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ አንደኛ ክፍልን ያስተማሩ ሲሆን፣ አማርኛ ለሚቸግራቸው ሕፃናት በካፊኖኖ እያስረዱ፣ እጃቸውን ይዘው ፊደል ያስጻፏቸው ልጆች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ፊርማቸውን የሚያኖሩ ሆነዋል።

በ1980 ዓ.ም. የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ደምመላሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን ሙሉብርሃንን ወለዱ።

በ2001 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጋሽ ደምመላሽ በአጭር ሕመም ዐረፉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ከቁልቁለቱ ላይ የነበረው ቤታቸው በመሬት መንሸራተት ፈረሰ። መምህርት አንድ ሰሞን እኔ ቤት፣ አንድ ሰሞን ከአክስታችን ዘንድ እንደ እንግዳ ሲዘዋወሩ ዝምታ ወረሳቸው፤ እንቅልፍም እህልም ራቃቸው፤ ጠመኔ እንደ ያዙ ሰሌዳ ፊት ቆመው ይቀሩ ጀመር፤ በመጨረሻም ከሥራ ቀሩ። እኛ ስንፍና መስሎን ተቆጣናቸው። አንድ ማለዳ ነጠላቸውን ብቻ ይዘው ወጡና ሁለት ክረምት በመናኸሪያው በረንዳ ላይ አሳለፉ። ሐዘኑ ቤት የሚፈልጉበትን ጉልበት ነሳቸው፤ በረንዳው ደግሞ ሐዘኑን አጸናባቸው። ሰው «አበደች» አለ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በባጃጅ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ፤ ጅማ ትማር ለነበረችው ለሙሉብርሃንም «እናትሽ ዋጫ ናት፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» እያልኩ ዋሸሁ።

ያልዋሹት በመናኸሪያው ሻይና ብስኩት የሚሸጡት ወይዘሮ ኸይሪያ ናቸው። ጧት ጧት ሻይ ሲያቀርቡላቸው «መምህርት፣ እንዴት አደሩ?» ይሏቸው ነበር እንጂ እብድ ብለው አልጠሯቸውም። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር አፈላልገው ደውለው እውነቱን የነገሯትም እሳቸው ናቸው። ሙሉብርሃን በማግስቱ ደርሳ እናቷን ሆስፒታል ወሰደች፤ ሕመሙም ድባቴ መሆኑ ታውቆ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ባለሙያው በየቀኑ እንዲወስዱ ሲያሳስቧቸው፣ ለወራት ቃል ያልወጣቸው እኅቴ ቀና ብለው «መዋጡንስ እውጣለሁ፤ ውጬ የምተኛው ግን የት ነው?» አሉ። ይህን ጊዜ አብረው የመጡት ወይዘሮ ኸይሪያ «እኔ ዘንድ ነዋ!» ብለው ጣልቃ ገቡና በጓዳቸው አልጋ ዘርግተው ዓመት ከመንፈቅ አኖሯቸው።

በ2005 ዓ.ም. መምህርት ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ከአራት ዓመት በኋላም ከልጃቸው ጋር ባለ አራት ክፍል ቤት ሠሩ፤ አንዱን ለራሳቸው አስቀርተው፣ ሦስቱን ታክመው መግቢያ ላጡ ሰዎች ሰጡ። ይቅርታ ልለምን እግራቸው ላይ ስወድቅ አንሥተውኝ «ያኔ አላወቅክም፤ አሁን አውቀሃል፤ በል በሮቹን ሥራልኝ» አሉ። ሦስቱም በሮች ከውስጥ የሚቆለፉ እንዲሆኑ አዘዙኝ፤ በረንዳ ያደረ ሰው ከሁሉ የሚናፍቀው የራሱን በር መዝጋት ነው ብለው። በዚያ ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተጠልለው ወጥተዋል። መምህርት በየስብሰባው እየተነሡ «ሐኪም ያዳነውን ሰው በረንዳ መልሶ ያሳምመዋል» እያሉ ሳይታክቱ ተሟግተዋል። ያሳለፉትን ደብቀው አያውቁም፤ ዛሬ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ የማነበው ስለዚህ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ተሸክመው እዚህ ያደረሱት፣ አቶ ሰላሐዲንን ጨምሮ፣ ከዚያ ቤት ድነው የወጡ ሰዎች ናቸው።

መምህርት ምሥራቅ አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንደ እኅት የያዟቸውን ወይዘሮ ኸይሪያን፣ ዛሬም በቤታቸው የሚኖሩ ሦስት ሰዎችንና ያስተማሯቸውን እልፍ ልጆች ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ደምሮ ያሳርፍልን፤ ለእኛም በደጃችን የወደቀውን ሰው በስሙ የምንጠራበትን ልብ ይስጠን። አሜን።