የሁላችንም ፍሬን

ባሌ ከማል ያገለገለች መኪና ገዝቶ ሲመጣ ደስታው ወሰን አልነበረውም። እኔ ግን ለወራት የደበቅኩት ጉድ ነበረኝ፤ እሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር እኔም ከጎኑ ሆኜ ወለሉን በእግሬ እረግጣለሁ። ፍሬኑ ይጮሃል፣ ቶሎም አይዝም፤ ቅር እንዳይለው ብዬ አፍሬ ዝም አልኩ።

እኛ ጋ ከርመው ወደ ደሴ የሚመለሱትን እናቱን ልንሸኝ ከቦሌ ወደ ላምበረት አውቶብስ መናኸሪያ ስንሄድ፣ መኪናዋ ሲጥ ብላ አንድ ሚኒባስ ልትገጭ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። ያኔ አላስቻለኝም።

«ከሜ፣ አትቀየመኝ፤ ይሄን ፍሬን እፈራዋለሁ። ሁልጊዜ አብሬህ ወለሉን ነው የምረግጠው» አልኩት።

«አንቺም?» አሉ እናቱ ከኋላ። «እኔማ ስረግጥ ጉልበቴ አለቀ! ደስታውን እንዴት ላበላሽበት ብዬ እንጂ!»

ከማል ሬዲዮኑን ዘጋ። «እኔ ደግሞ ጩኸቱን እንዳትሰሙ ነበር ድምፁን የምጨምረው» አለ። ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን።

ጥግ ይዞ መካኒክ ጠራ። መካኒኩ ጎማውን ፈቶ ያለቀውን የፍሬን ሸራ ሲያሳየን እናቱ ሻንጣቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«አውቶብሱ ይሂድ፤ ነገም ቀን ነው» አሉ። «ሸራው ይቀየርና ቤት መልሱኝ። በልጄ መኪና አንድ ቀን እንኳን ተዝናንቼ ልሂድ እንጂ!»