ጠፍቷል ስለተባለው የኣዲያም የስኬት ጫማ

የምስክሩ ስም፦ ሰላሃዲን ሸምሱ ኑሪ
ዕድሜ፦ 54 ዓመት
ሥራ፦ ታክሲ ነጂ
አድራሻ፦ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና በስተሰሜን፣ ዴይተን መንገድ ላይ ያለ አፓርትመንት
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ ከሰዓት በኋላ
ቃል የተሰጠበት ቦታ፦ ኦሮራ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሳንቼዝ
ቃሉን በአማርኛ የጻፈችው፦ አስተርጓሚ ሮማን ደምሰው

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው እኔ፣ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማንም ሳይዘኝ በራሴ ታክሲ መጥቼ፣ መኪናዬን ከጣቢያው ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ፣ የሚከተለውን ቃል በፈቃዴ ሰጥቻለሁ። መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ጠበቃ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ ላልሰረቅኩት ዕቃ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል ብዬ መልሻለሁ። ሌባ አለመሆኔ መጀመሪያ ይጻፍልኝ ብዬ ጠይቄ ተጽፎልኛል። ስለ መርማሪው ቡና አንድ ነገር ተናግሬ ይህኛው አይጻፍ ብል፣ አስተርጓሚዋ እዚህ የተባለ ሁሉ ይጻፋል ብላኛለች። ይሁን።

የተጠየቅኩት ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጫማው ነጭ፣ ከሥሩ ስለት ያለው፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት የስኬት ጫማ ሲሆን፣ ባለቤቱ ኣዲያም ዓንዶም የተባለች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። አሰልጣኟ ዳያን ጫማው ልጅቷ ከምትለማመድበት የበረዶ ሜዳ፣ ከአይስ ሪንኩ፣ ተሰርቋል ብላ ትናንት ሐሙስ ለፖሊስ አመልክታለች። በሪንኩ ካሜራ የልጅቷን ቦርሳ ተሸክሞ ሲወጣ የታየው ሰው እኔ ነኝ፤ አልክድም። ጫማውም በእኔ እጅ ነው። መርማሪው አምጣ ሲለኝ ግን አላመጣም ብያለሁ። ምክንያቴን ከሥሩ ላስረዳ ብዬ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

የኣዲያም አባት ዓንዶም ተወልደ የአስመራ ልጅ ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ስለተማረ እኔን የአዲስ አበባውን ልጅ አልፎ አልፎ ያርመኛል፤ በዚህ እንጣላለን። የተዋወቅነው ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር ነው። ሁለታችንም ታክሲ እንነዳለን። ዛሬ እሱ ስቴፕልተን ሰፈር፣ እኔ ኮልፋክስ አጠገብ ብንሆንም፣ ኣዲያምን ከልጆቼ ለይቼ አላያትም። እናቷ ፀሐይ የታመሙ እናቷን ልታስታምም አስመራ ከሄደች ወራት አልፈዋል። ስለዚህ ዓንዶም ሺፍት ሲኖርበት ንጋት ላይ ወደ ሪንኩ፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ማህፉዛ የቋጠረችላትን መንገድ ላይ ትበላለች። አሜሪካ የተወለደች ስለሆነች አንቱ ማለት አታውቅም። «አንክል፣ ሂተሩን ጨምርልኝ» ትለኛለች፤ እጨምርላታለሁ።

ኣዲያም ዘንድሮ በአገር አቀፉ ውድድር ጥሩ ውጤት አምጥታ ለዓለም ሻምፒዮና ተመርጣለች። የዓለም ሻምፒዮናው በመጪው ወር ስዊድን ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚሁ ወር ኮሪያ ውስጥ የአራቱ አህጉራት ሻምፒዮና የሚባል አለ፤ የቡድኑ አውሮፕላን የሚነሳውም ነገ ጠዋት ነው። በዚህኛው ሻምፒዮና ከትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች የሚሄዱም አሉ፣ የሚቀሩም አሉ። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን አንድ ቀን ሪንኩ በር ላይ ዳያንን ጠይቄያት በደንብ አስረድታኛለች። የሚሄዱት ዳኞች እንዲያዩዋቸውና ፕሮግራማቸውን ሰው ፊት ሞክረው ድፍረት እንዲያገኙ ነው። የሚቀሩት ደግሞ ረጅሙ በረራ እንቅልፋቸውን እንዳያዛባባቸው፣ ከሁሉም በላይ ለትልቁ ውድድር ጥቂት ሲቀር እንዳይጎዱ ብለው ነው። ዳያን ኣዲያም መሄድ አለባት ባይ ናት። «ገና አዲስ ናት። ስዊድን ስትደርስ ዳኞቹ የሚያውቋት ልጅ መሆን አለባት» ብላኛለች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ልጅቷንም ትወዳታለች። ንግግሯ ግን አፍ ያስይዛል፤ እሷ ፊት ቆሞ እምቢ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ይህን ለማህፉዛ ስነግራት ወዲያው ነው የገባት። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ ለኢድ የተገዛላቸውን ጫማ፣ ጎረቤት እንዲያይልን አሁኑኑ ካላደረግነው እያሉ መከራችንን ያበሉን ነበር። ማህፉዛ ጫማውን ቁም ሳጥን ላይ ታስቀምጥና «በኢድ ቀን ተረከዙ ቢገነጠል በባዶ እግራችሁ ልትሄዱ ነው?» ትላቸው ነበር። መርማሪው የኢድ ጫማ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠይቆኝ፣ ታገስ፣ እደርስበታለሁ ብዬዋለሁ።

ከአገር አቀፉ ውድድር ወዲህ ኣዲያም ከታክሲዬ ስትወርድ ግራ እግሯን አስቀድማ፣ በሩን ይዛ ትንሽ እንደምትቆም አይቻለሁ። ያመማት ቀኝ እግሯ ነው። ምን ሆነሽ ነው ብላት መጀመሪያ «ናቲንግ» አለችኝ። ናቲንግ የሚባል በሽታ አላውቅም፣ ንገሪኝ አልኳት። በትምህርት ቤቷ የተጎዱ ስፖርተኞችን የሚያየው ባለሙያ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል እንዳላት ነገረችኝ። «አሁን ሬስት ካደረግኩ ለስዊድን እደርሳለሁ። ኮሪያ ሄጄ ከዘለልኩበት ግን ይሰበራል፤ ከዚያ ስዊድንም የለም» አለች። ለዳያን ነግረሻታል ወይ ብላት፣ ትንሽ ያመኛል ብቻ እንዳለቻትና ዳያንም ትንሽ የማያመው ስኬተር የለም ብላ እንዳለፈችው ነገረችኝ። እንግዲያው ለአባትሽ ንገሪው አልኳት።

«ኖ፣ አንክል። ሱፍ ገዝቷል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዓንዶም ልጁ ውጭ አገር ስትወዳደር አይቶ ስለማያውቅ፣ ዘንድሮ አብሯት ሊሄድ ፈቃድ ወስዷል፣ ሱፍ ገዝቷል፣ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ለሀበሻው ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ሀበሻው አልበቃ ብሎት ለሞሮኮዎቹም ነግሯል። ልጅቷ «ዳዲን ሰው ፊት አላሳፍረውም» አለችኝ። ይህን ስሰማ ተናደድኩም፣ አንጀቴንም በላችው። አማርኛዋ ሰባራ ነው፤ ይሉኝታዋ ግን አንድ ሳይጎድል የእኛው ነው። ከማን እንደወረሰችው በዚያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

ረቡዕ ዕለት ከትሬኒንግ በኋላ ልወስዳት ስሄድ ሪንኩ ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝና ቦርሳዋን ሰጠችኝ። እኔም ተሸክሜ ወጣሁ። ካሜራው ያየው ይህንን ነው። ታክሲው ውስጥ እንደገባን ሞተር ሳላስነሳ «አንክል፣ ይሄን አማና ያዝልኝ። እኔ ራሴ እስክጠይቅህ ለማንም እንዳትሰጥ። ለዳዲም፣ ለዳያንም» አለችኝ። አማና ማለት ሌላው ሰው አደራ የሚለው ነው፤ ቃሉን የተማረችው ከእኔ ቤት ነው። ነገሩን እንዳስረዳችኝ፣ አዲስ የስኬት ጫማ ተገዝቶ ከእግር ጋር እስኪስማማ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ጫማው ከሌለ ጉዞ የለም፣ ማንም ማንንም እምቢ ማለት አያስፈልገውም ብላ አስባለች።

ጠፋ ብለሽ ልትዋሺ ነው ወይ ብዬ ተቆጣኋት። «ጠፋ አልልም። የት እንዳለ አላውቅም ነው የምለው። ስለዚህ የት እንደምታስቀምጠው እንዳትነግረኝ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ዞር ብዬ ሳያት ግን እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዷል፤ ሳቄን ዋጥኩት። በዚያን ጊዜ እምቢ ልትላት ይገባህ ነበር የሚለኝ ሰው ካለ፣ እሱ ያቺን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አያውቃትም። ተቀብያለሁ።

ቤት ስደርስ ማህፉዛ ጫማውን በፎጣ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ፣ ድሮ የኢድ ጫማ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀመጠችው። መርማሪው ስለ ኢድ ጫማ ለጠየቀኝ መልሱ ይኸው ነው፤ እደርስበታለሁ ያልኩትም ለዚህ ነው። መርማሪው እንግዲያው ሄደህ አምጣ ብሎኛል። የት እንዳለ መናገርና አንስቶ ማቀበል ለየቅል ነው ብዬዋለሁ። የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ቢመጣ በሩን እከፍትለታለሁ፣ ወንበርም አቀርብለታለሁ። እኔ ግን ለጫማው ባለቤት ካልሆነ በስተቀር በእጄ አላቀብልም።

ትናንት ሐሙስ ዓንዶም ደውሎልኝ «ሰላሃዲን፣ የልጄን ጫማ ሰረቋት» አለኝ። አይዞህ ከማለት በቀር ምንም አልነገርኩትም። ወንድሜ ሲጨነቅ እያወቅኩ ዝም ማለቴ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቢሆንም ጫማው ዛሬ ከወጣ ልጅቷ ነገ ትሄዳለች፤ ከሄደች ትዘላለች፤ ከዘለለች እግሯ ይሰበራል። ለታክሲ ፈቃዴ እንደሚያሰጋኝ መርማሪው አስታውሶኛል። አውቃለሁ። ፈቃድ ይታደሳል፤ የልጅቷ እግር ግን እንዲያ አይደለም።

ይህን በመናገር ላይ እያለሁ መርማሪው የጫማውን ባለቤት ከአባቷ ጋር አስጠርቶ ስለነበር ዓንዶምና ኣዲያም ወደ ክፍሉ ገቡ። ዓንዶም ፖሊስ ጣቢያ ስለተጠራ አዲሱን ሱፍ ለብሶ ነው የመጣው። እኔን እንዳየ «አንተ ነህ?» አለኝ። አዎ፣ በእኔ እጅ ነው፣ ለምን እንደሆነ ግን እሷ ትንገርህ አልኩት። መርማሪው በእንግሊዝኛ ቢያናግራትም ልጅቷ የመለሰችው ወደ አባቷ ዞራ፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ነው። «ዳዲ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት። እግሬ ተጎድቷል። ኮሪያ መሄድ አልፈልግም። ሶሪ» አለች።

ዓንዶም ለሱፉ ሳይሳሳ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የቀኝ ጫማዋን ክር ፈታ፣ ካልሲዋን አወለቀ፣ እግሯን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር። ያበጠውን ሳይነካ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው።

«ደረጃ ስትወርጂ እሰማሻለሁ» አላት። «አንድ አንድ እያልሽ ነው የምትወርጂው። ግን ውድድሩን በጣም ስለምትፈልጊው ነው የምትደብቂኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሕልሟን አልከለክላትም ብዬ።»

«እኔ እኮ አንተ ስለምትፈልግ ነው» አለችው።

«እኔማ አውሮፕላን እፈራለሁ። ወደዚህ አገር ስንመጣ እንዴት እንዳለቀስኩ እናትሽን ጠይቂያት። ሱፉንም የገዛሁት አባቷ ፈራ እንዳይሉሽ ነው።»

ይሉኝታዋን ከማን እንደወረሰችው እዚህ ላይ ገባኝ። መርማሪው ምን ተባባሉ ብሎ ጠይቆ አስተርጓሚዋ ተርጉማለታለች። ስትተረጉምም ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። ይህኛው አይጻፍ ብትለኝ፣ እዚህ የተባለ ሁሉ ይጻፋል ያልሽው አንቺው ነሽ ብዬ አጽፌያታለሁ።

ከዚህ በኋላ መርማሪው እየሰማ ኣዲያምን ጫማሽን ትፈልጊዋለሽ ወይ፣ አሁኑኑ ሄጄ ላምጣልሽ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «እዚያው ይቆይ። እግሬ ሲድን እጠይቅሃለሁ» ብላለች። የተሰረቀ ዕቃ እንደሌለም ለመርማሪው በራሷ አንደበት አረጋግጣለች። የእኔ ቃል እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር።

ሆኖም ዓንዶም የልጁን ካልሲ መልሶ አልብሶ፣ ጫማዋን አስሮ፣ ጉልበቱን አራግፎ ከተነሳ በኋላ ወደ እኔ መጣ። «ዳያን ዛሬ ማታ ትደውልልኛለች» አለኝ። «ታውቀኛለህ። ሁለት ቃል ከተናገረችኝ እሺ ብያት፣ ነገ ጠዋት ልጄን ይዤ ኤርፖርት ነው የምታገኘኝ።» ይህን ብሎ ከሱፉ የውስጥ ኪስ የራሱንና የልጁን ፓስፖርት አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠ። «ይሄም አደራ ነው። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ብለምንህም፣ ብሰድብህም እንዳትሰጠኝ» አለኝ። እሺ ብዬ ተቀብያለሁ።

ስለሆነም ነገ ጠዋት ዓንዶም ተወልደ ፓስፖርቴን ተሰረቅኩ ብሎ ወደዚህ ጣቢያ ቢመጣ፣ የወሰድኩት እኔ መሆኔን፣ ፓስፖርቶቹም ቁም ሳጥን ላይ ከጫማው ጎን መሆናቸውን ከወዲሁ አስመዝግቤያለሁ። ቢያለቅስም አልሰጠውም።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። የራሴ ቃል ነው፣ እውነት ነው፣ የፈራሁት ሰው ኖሮ ያስቀረሁት ነገር የለም። ለዚህም ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሰላሃዲን ሸምሱ ኑሪ
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሳንቼዝ
በአማርኛ ጽፋ ያነበበችው፦ ሮማን ደምሰው
የጫማው ባለቤት፦ ኣዲያም ዓንዶም
መፈረም ሳይጠበቅበት ልፈርም ብሎ የፈረመ፦ ዓንዶም ተወልደ። ከፊርማው በላይ በእጁ «ነገ የምለውን አትስሙኝ» ብሎ ጽፏል።