የናጥሁት ደም

የባለቤቴ መርዶ ደባርቅ የደረሰኝ ዕለት፣ በለቅሶው መሀል ሳቅ ቢያመልጠኝ እህቱ ቆነጠጠችኝ። ትዝ ያለኝ የደሙ ብልቃጥ ነው። የደም ካንሰር ነበረበት፤ ጎንደር ያሉት ሐኪሞቹ ሕክምናው መያዙን ለማየት ኤልዲኤች የሚባል ኤንዛይም ከደሙ ይለኩ ነበር። አንድ ቀን መንገዱ ቢከብደው እዚሁ ቀድተውለት ደሙን እኔ በአውቶቡስ ጎንደር አደረስሁ። ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ወጣ። አገረሸበት አልሁ በልቤ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ግን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ ከላይ የጠለለው ውኃ ቀልቶ አየና፣ "እትዬ፣ ይኼን ደም ምን አደረጉት?" አለኝ።

"እንዳይረጋ ብዬ እስክደርስ ስንጠው መጣሁ።"

"ታዲያ ቅቤው የታል?" ብሎ ሳቀ። "ሲናጥ የደሙ ሕዋሳት ይፈርሳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ኤንዛይምም ይፈስና ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ይኼ የበሽታው ሳይሆን የክንድዎ ሥራ ይመስለኛል። እሳቸው ራሳቸው ይምጡ።"

ሄዶ እዚያው ቢቀዳ፣ እውነትም ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ "እመት ናጪት" እያለ ሲጠራኝ ኖረ። በኋላ ቁጥሩ ዳግመኛ ሲወጣ ግን ደሙን ማንም አልናጠውም። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው፤ ፈገግ ያላችሁ ሁሉ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።