በባሕሪያ ስም

ሄሎ... ሄሎ! ማን ልበል?

...ደመቀ! አንተ ነህ እንዴ? የማን ቁጥር ነው ይሄ? ...የቻላቸው? የሎሪው ሹፌር? ሳላነሳው ልቀር ነበር፤ ግብር ሰብሳቢዎቹ መስለውኝ። ...ሳቅ፣ ሳቅ። በማላውቀው ቁጥር ሲደወል መጀመሪያ የማየው በሩን ነው።

እንደምን ዋልህ ወንድሜ? ...ተመስገን። መተማ ሰላም ነው? ልጆቹስ? ...ተመስገን፣ ተመስገን። እኛም በሱዳን ምድር አለን። አሰጋሽ እዚሁ አጠገቤ እህል እያበጠረች ነው...

— አሰጋሽ፣ ዋርሳሽ ደመቀ ነው! ...ሰላም ትልሃለች።

እንዴት? ...ልክ ነህ፣ የወፍጮው ድምፅ የለም። ቆሟል። ...ኧረ አልተበላሸም! ወፍጮ የሚቆመው ሲበላሽ ብቻ መሰለህ?

— ሳብሪን፣ ከጣሳዎቹ ጋር አስቀምጭው። ...አዎ፣ ከመጨረሻው ኋላ። ዛሬ ከሞላ ዛሬ፣ ካልሞላ ቡክራ፣ ኢንሻአላህ።

ይቅርታ፣ ደንበኛ ናት፣ የጎረቤት ልጅ። ...ምን አመጣች? አንድ ጣሳ ማሽላ ነዋ! አንተ እዚህ በነበርክ ጊዜ በአህያ ጋሪ ኬሻ ኬሻውን ነበር የሚመጣው። አሁን በጣሳ ሆኗል። ለአንድ ጣሳ ሞተር ባስነሳ ጃዙ፣ ናፍጣው፣ ከእህሉ ይበልጥብኛል። ስለዚህ ጣሳቸውን አሰልፈው ቤታቸው ይገባሉ፣ ሰልፉ ደጃፍ ሲደርስ እኔ አስነሳለሁ። ሰው የሌለበት ሰልፍ አይተህ ታውቃለህ? ናና እይ።

...ገበያ ትለኛለህ እንዴ? ምን ገበያ አለ! ይቺን ከተማ ያበላት የነበረው የሰሊጥ አራሚው ነው። ዘንድሮ ከወዲያ መንገዱ ያስፈራል፣ ከወዲህ ጦርነቱ ያስፈራል፣ ማን ይምጣ? ባለእርሻውም ግማሹን መሬት ጦሙን አሳደረው። ጎረቤታችን መንግስቱ ሱቁን ዘጋ። ያዕቁብም የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ገዳሪፍ ገባ። ከእኛ መስመር የቀረነው ይሄ ወፍጮና አንድ ሻይ ቤት ነን።

እኔ ደግሞ ቂሉ፣ ሱቅ ሲዘጋ ግብሩም አብሮ የሚዘጋ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግብር ቁልፍ የለውም። የተዘጋው ሱቅ ይከፍል የነበረው ያልተዘጋው ላይ ይመጣል። ሲዘጋ ሲዘጋ፣ ሲከመርብን ሲከመርብን... ሄሎ? ትሰማኛለህ?

...እህ። እሰማሃለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ። ...ቻላቸው ባዶውን መጥቶ ሞተሩን ይጭናል፣ ድንጋዮቹን ይጭናል፣ እኛም ከላይ... ገባኝ። ገባኝ ደመቀ። ...ገመድ አለ። ሰውም አይጠፋም።

አይ፣ አልከፋኝም። ድምፄ እንዲህ ነው። ...አልታመምኩም አልኩህ!

እሺ... ስማኝ። ቁጭ ብለሃል? ቁጭ በል እንግዲህ። ሎሪው ይምጣ። ግን ወደ አንተ አይደለም የሚጭነው።

...ቆይ። ቆይ አትጩህ። ቻላቸው አጠገብህ ነው አይደል? ሰው ፊት አትጩህብኝ። ልጨርስ።

ትናንት ባሕሪያ ዘንድ ሄጄ ነበር። ...አዎ፣ የኢስሃቅ ሚስት፣ ሌላ የትኛዋ ባሕሪያ አለችን? እሱ ካረፈ ወዲህ ቤቷ በሰው ሞልቷል። ከካርቱም የሸሹት የልጅ ልጆቿ ሁሉ እሷ ላይ ናቸው። እኔ የሄድኩት ልሰናበታት ነበር። ሞተሩን እንደምንወስድ ልነግራትና... እንጃ፣ ምርቃቷን ልቀበል ነው መሰለኝ። ገና ሳልቀመጥ ወረቀት ሰጠችኝ። የዘንድሮ ግብር። የአምናው እጥፍ ሆኗል።

...እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት፤ «ምን አይተው ነው? ወፍጮው ቆሞ የለም ወይ!» አልኩ። ለካስ የግብር ሰዎቹ ከሳምንት በፊት እሷ ቤት መጥተው ነበር። ፈቃዱ በስሟ ነዋ! እሷም ምን ታድርግ፣ እንግዳ ነው ብላ ምንጣፍ አነጠፈች። አሲዳ አገነፋች። ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቃ የሙላሕ ወጥ አቀረበች። በሉ፣ ጠገቡ። ከዚያ ሰውዬው ጣቱን እየላሰ «ጣሓናችሁስ እንዴት ነው?» አላት፣ ወፍጮውን ማለቱ ነው። ምን ያለችው ይመስልሃል?

...አዎ። «አልሐምዱሊላህ፣ ኸይሩ ብዙ ነው፣ ሌት ተቀን ይፈጫል።»

...ሳቅ። እኔም ስቄያለሁ መጀመሪያ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ምነው እንዲህ አልሽ?» ብላት፣ «ቤቴ የበላ እንግዳ ፊት ገበናዬን ላውጣ?» አለችኝ። «ያንተንስ ስም ላዋርድ? ስንሻው ደኸየ ልበል?» ተመልከት እንግዲህ። ሰውዬው ደግሞ የበላውን አሲዳ እያየ ጻፈ። ሀብታም አደረገን።

...አይ ደመቀ! «የተናገረችው እሷ ናት፣ እሷ ትክፈል» ይባላል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብህ። እናታችን ብትሆን ምን ትላለች? እህል አልቆ ልጆቿን በጎመን እያሳደረች፣ ጭቃ ሹሙ ሲመጣ «ጎተራዬ ሙሉ ነው» ስትል አልሰማንም? ያው ናት እኮ። ቋንቋው ነው የተለየው።

...እሱንማ አውቃለሁ። ድልድዩን ከተሻገርን ማን ይይዘናል? ማንም። እኔን ማን ያውቀኛል፣ ስሜ ወረቀት ላይ የለ! እዚያ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እኛ ነገ ብንሄድ ከነገ ወዲያ የሚያንኳኩት የማንን በር ነው? ቤቷን ያሽጉታል። ያን ሁሉ ልጅ ይዛ የት ትወድቃለች? ከአንድ ጦርነት የሸሹ ልጆች ናቸው። ዳግመኛ ደግሞ እኛ ከቤት እናስወጣቸው?

...ባዳ? ማን ናት ባዳዋ? ያን ጊዜ ለሐበሻ የወፍጮ ፈቃድ አይሰጥም ብለው ሲመልሱን፣ አንተና እኔ የገዛነውን ሞተር ታቅፈን መንገድ ላይ ስናድር፣ «በእኔ ስም አውጡት» ያለን ማን ነው? ኢስሃቅ አይደለም? ውል ተጻጻፍን? ምን ጠየቀን? በረመዳን አንድ ኬሻ ዱቄት፣ እሱንም እኛው ነን አስገድደን የሰጠነው። ሲሞት ደግሞ ፈቃዱ ወደ እሷ ዞረ። «ስሜን መልሱልኝ» ብላ አታውቅም። ገንዘብ ብንበደር ኖሮ እንከፍላለን። ስም የተዋሰ ሰው በምን ይከፍላል?

— አሰጋሽ፣ ተይ ቆይ፣ እየነገርኩት ነው። ...እሱንም እነግረዋለሁ!

አሰጋሽ ናት። «ድርሻ እንዳለው አትርሳ» ትለኛለች። አልረሳሁም። ለዚያ ነው የምለምንህ እንጂ የኔ ብቻ ቢሆን ትናንት አድርጌው ነበር። ሁለት በሬህን ሸጠህ ነው የሞተሩን ግማሽ የከፈልከው። አውቃለሁ። እዚህ ሳለህም ከእኔ እኩል ነው ዱቄት የለበስከው።

ገዳሪፍ ሉጥፊ የሚባል ሰው አለ፣ አሮጌ ሞተር ይገዛል። ደውዬለት ነበር። ...ኧረ በግማሽ ነው የሚወስደው፣ አልዋሽህም። የባሕሪያን የግብር ዕዳ ይዘጋል፣ ፈቃዱንም አሰርዘን የተሰረዘበትን ወረቀት በእጇ እንሰጣታለን። ለእኔና ለአንተ የሚተርፍ... እንጃ። የመንገድ ቢተርፍ ነው።

...

ደመቀ? ሄሎ? ...ኔትዎርኩ ተቆራረጠ።

...ምን አልክ? ድገመው። ...ዳስ ሠርተሃል? ለወፍጮው? ...ቆርቆሮውንም አልብሰኸዋል...

ወይኔ። ወይኔ ወንድሜን። ለምን አልነገርከኝም? ...«ድንገት ላስደስተው ብዬ»። አይ አንተ። ...አይ፣ አንተን አይደለም፣ ራሴን ነው። እኔ እኮ የመጋዘን ጥግ ፈልገህ የምታስቀምጠው ነበር የመሰለኝ። ወፍጮ ቤት ሠርተህ እየጠበቅኸኝ ነው ለካ።

...አምስተር ላይ? ከመተማ መንገድ ዳር? ...ጥሩ ቦታ ነው። በጣም ጥሩ ቦታ ነው ደመቀ። እህል የሚያልፍበት ነው። ይፈጭበት ነበር። በእውነት።

...

እንግዲህ እኔ ከዚህ በላይ አልገፋህም። የልፋትህ ነገር ነው። አንተ አይሆንም ካልክ፣ ቻላቸው ይምጣ፣ ያንተን ግማሽ... ሞተር በግማሽ አይጫንም እኮ፣ ምን ልበልህ! እኔ እዚሁ እቀራለሁ። ኬሻ እሸከማለሁ፣ ስመጣ ኬሻ ነበር የተሸከምኩት። የእሷን ዕዳ ቀስ በቀስ...

...እንዴ። ምን አልክ?

...አይ። አይ ደመቀ፣ እኔ አላነሳሁትም። አንተው ነህ ያነሳኸው። የካላዛር በሽታህን አንስቼ ልይዝህ አልፈለግሁም። የሰውን መታመም እንደ ዕዳ አይቆጥሩበትም ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት። ...አዎ። ኢስሃቅ በጋሪው አጋድሞ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ድረስ ወሰደህ። እኔ እንኳ አርማጭሆ ሄጄ አልነበርኩም። ...እሱን አላውቅም ነበር። «ልጄ ነው» ብሎ አስመዘገበህ? በስሙ? ደመቀ ኢስሃቅ ብሎ? ...ነርሷ እንደዚያ ስትጠራህ መለስክላት?

...አታልቅስ። ወንድሜ፣ ቻላቸው አጠገብህ ነው። ...ይየው እንግዲህ ይየው። ምን አባቱ! አልቅስ።

...እ? ...እርግጠኛ ነህ? ኋላ እንዳይቆጭህ። ዳሱስ? ...ለፍየል? ሃ! በቆርቆሮ ቤት የምትኖር ፍየል። ከእኔ ትበልጣለች በለኛ።

...እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ደመቀ።

— አዎ አሰጋሽ። እሺ ብሏል። ...እሺ ነው የሚለው! አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?

ሁሉም ሰው ዛሬ... እሺ፣ ስማኝ። ለቻላቸው ንገረው፣ ጎህ ሲቀድ አይምጣ። ረፋድ ላይ ይምጣ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሰው ሲነቃ። ሞተሩን በጠራራ ነው የምጭነው። የጣሳ ባለቤቶችም ሁሉ ይዩኝ። ...አዎ፣ ዛሬ ያለውን ሁሉ እፈጭላቸዋለሁ። የመጨረሻ ነው፣ ሰልፍ አልጠብቅም። ከዚህ በኋላ የት እንደሚያስፈጩ እንጃ። እሱ ያሳስበኛል፣ በእውነት ያሳስበኛል፤ ወፍጮ የሌለው ከተማ በምን ከተማ ይባላል? ግን የእኔ አቅም እዚህ ድረስ ነው።

...እኛማ እንመጣለን። ከገዳሪፍ የግብሩን ነገር ጨርሰን፣ ወረቀቷን ሰጥተናት። ሳምንት ቢፈጅ ነው። ...አይ፣ በጫካ አልመጣም! በድልድዩ ነው የምሻገረው፣ በቀን። ባሕሪያም እስከ ድንበሩ፣ እስከ ገላባት ትሸኘኛለች፤ አውቃታለሁ፣ ተይ ብላትም አትቀርም። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው አገር ኖሬ የሚሸኘኝ ሰው ካጣሁ፣ ኖርኩ ይባላል? ሌባ ብቻ ነው ሳይሸኙት የሚሄደው።

...አሜን። ...አሜን። ልጆቹን ሳምልኝ። ሂሳብህ እንዳያልቅ... የቻላቸው ስልክ ነው ለካ፣ እንግዲያውስ ይለቅ። በል ደህና ዋል ወንድሜ። ...ቻው። ቻው።

— አሰጋሽ፣ ተይው እህሉን። ነጠላሽን ልበሺና ተነሽ፣ ባሕሪያ ዘንድ እንሂድ። ...አሁን ነዋ፣ በግብሩ ጭንቀት ሳትተኛ አድራ ሳትበላ ነው የዋለችው። ...አይ፣ ብቻዬንማ አልሄድም። ብቻዬን ብነግራት እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ የማለቅሰው።